አሥራ ሁለት መርገጫ

ሰኞ፣ ጥር 4

ደረስኩ። ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ የጠፋ ሻንጣ። ሻንጣው ወደ ማታ ተገኘ፤ እንኳንም ተገኘ፣ ጫማዎቼ በሙሉ እሱ ውስጥ ነበሩ።

መሥሪያ ቤቱ የያዘልኝ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አከራዩ በረንዳውን ከፍቶ "ከተማው በሙሉ እግርዎ ሥር ነው" እያለ ሲያሞግስልኝ፣ እኔ ከበሩ ሳላልፍ አዳመጥኩት። ከዚያ ምድር ቤት ባዶ ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። አለች፤ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ በመስኮቷ የሰው እግር ብቻ የሚታይባት። "ኪራዩ እኮ አይቀንስም" አለኝ ግራ ገብቶት። ሊፍት መጠበቅ ጊዜ መፍጀት ነው አልኩት። እውነቴን ነው። ቀጥሎ ውሉን ማን እንደሚፈርም ጠየቀኝ።

"እኔ።"

"ባለቤትዎስ መቼ ይደርሳሉ?"

"ባለቤቴ አይመጣም። ሥራ አለው።"

እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ያዘነልኝ መሰለኝ።

ለምን እንደመጣሁ ልጻፈው፣ ኋላ ሲጨንቀኝ ላነበው። ድርጅታችን መሰላል ይሠራል። እዚህ ያለው ቅርንጫፍ ሰባ አራት ሠራተኛ አለው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሲወጣ፣ ቋንቋቸውን ተማሪ ሆኜ ስለተማርኩ እኔን ላኩኝ። ትልቁ አለቃ ሲሸኘኝ፣ "ሴት ወደ ውጭ ልከን አናውቅም። ሦስት ወር እንይሽ። ካልሆነ ምክትሉ አለልን" አለኝ። በዋናው ቢሮ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ፣ እኔ "ተረኛዋ" የምላት፣ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝና "ከተሳካልሽ ቀጣዩ ቅርንጫፍ የኔ ነው። ካልተሳካልሽ 'ሴት ሞክረን አየን' ብለው ፋይሉን ይዘጉታል" አለች። የልብ ልብ ለመስጠት ነበር። እኔ ግን እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ያሰብኩት ስለሚዘጋው ፋይል ብቻ ነው።

ዘጠና ቀን።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ምክትሉ ቀጭን፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ወፍራሙ፣ ማለትም የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ፣ ሲሄድ ወንበሩ የሱ ነው ተብሎ ኬክ ሁሉ ተቆርጦለት እንደነበር ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። ኬኩን ከበሉት አንዱ ነው የነገረኝ፣ ጣፋጭ እንደነበር ሳይቀር። እሱ ግን ፊቱን አላጠቆረብኝም። እያንዳንዱን ማሽን እየነካ አስጎበኘኝ።

እዚህ አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ዙር ባለቀ ቁጥር የመጀመሪያው መሰላል መሀል ወለል ላይ ይቆማል፤ ሠራተኛው ይሰበሰባል፤ ሥራ አስኪያጁ እስከ አሥራ ሁለተኛው መርገጫ ወጥቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ዕቃው መኪና ላይ የሚጫነው። ወፍራሙ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከነሆዱ ወጥቶበታል።

"ለእርስዎ ግን አይመችም" አለኝ ምክትሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይህ ሁሉ ወንድ ከታች ቆሞ፣ ቀሚስ፣ ምናምን… እኔ እወጣልዎታለሁ። እርስዎ ወረቀቱ ላይ ይፈርሙ።"

እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ ይገኛል። ሱሪ ነበር የለበስኩት፤ ግን ሰውየው ስለ ቀሚስ ከተጨነቀልኝ ምን ብዬ ልከራከር።

ሐሙስ፣ ጥር 7

የመጀመሪያ ስብሰባ። ሰባት ሐሳብ አቀረብኩ። ሰባቱንም "እሺ" አሉ። ይህን ያህል የሚስማማ ሰው አይቼ አላውቅም። ሩጫ ላይ ነኝ፣ ማታ እጽፋለሁ።

(ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።)

እሑድ፣ ጥር 10

ቤት ደወልኩ። ልጄ ሚጣ ስልኩን ከአባቷ እጅ ነጥቃ፣ ክፍል ውስጥ "እናቴ የመሰላል አለቃ ናት" ስትል ልጆቹ እንደሳቁባት ነገረችኝ። "ታዲያ ምን አልሻቸው?" "ያለ መሰላል አምፖል ይቀየራል ወይ አልኳቸው።" ይህቺ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች።

አማቴ እኔ እስክመለስ ብላ እኛ ቤት ገብታለች። ባሌ ኪሎ ጨምሯል። ስናወራ ከኋላ ለጎረቤት እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "ሦስት ወር እኮ ነው፣ ትመለሳለች። ሴት ልጅ የት ትደርሳለች።" በክፋት አይደለም የተናገረችው። እንዲያውም እያጽናናቻት ነበር የሚመስለው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ከሰባቱ እሺዎች አንዱም አልተንቀሳቀሰም። የማሸጊያው ጠረጴዛ ወደ በሩ ይጠጋ ካልኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። በየቀኑ እጠይቃለሁ፣ በየቀኑ "እሺ" ይላሉ፣ ጠረጴዛው እንደ ተራራ ተቀምጧል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በቢሮዬ በር አልፎ ምክትሉ ጋ ይሄዳል። ሾፌሩ "ጫን" ስለው "እሺ" ይልና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ምክትሉን ያያል። ምክትሉ ራሱን ሲነቀንቅ መኪናው ይነሳል። እኔ ተቀምጬ እፈርማለሁ።

ጥፋቱ የኔ ይሆናል። ድምፄ ቀጭን ነው። ምናልባትም ሰላምታ አበዛለሁ። ከነገ ጀምሮ ኮት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ኮቱ ሞቀኝ። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ሁለተኛ ዙር አለቀ። ምክትሉ ወጣ። እንደ ፍየል ነው የሚወጣው፣ የጎን ብረቱን በሁለት ጣት ይዞ፣ ሽቅብ ቁልቁል፣ ለዓይን እንኳ አይመችም። እኔ የዚያን ሰዓት አስቸኳይ ስልክ ነበረብኝ።

የመኝታ ቤቴ አምፖል ከተቃጠለ ሦስት ቀን ሆኖታል። ጣሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወንበር አይደርስም። የመሰላል ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በእጅ ባትሪ ካልሲ ትፈልጋለች። ለባሌ ስነግረው ስልኩ እስኪወድቅ ሳቀ። "እዚህ እያለሽ ማን ነበር የሚቀይረው?" አለኝ። የሥራ ክፍፍል ነበረን፣ በቃ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ትልቁ ደንበኛ መጣ። ለሱቆቹ ስድስት መቶ መሰላል ሊያዝ ነው። በሩ ላይ ስቀበለው ካፖርቱን አውልቆ ክንዴ ላይ አንጠለጠለውና "ሻይ ካለ፣ ያለ ስኳር" አለኝ። ካፖርቱን ሰቀልኩ፣ ሻዩን አዘዝኩ፣ ከዚያ ተመልሼ በጠረጴዛው ራስ ላይ ባለው ወንበር ተቀመጥኩና "ስለ ማስረከቢያው ቀን ብንጀምርስ?" አልኩት። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ በኋላ ግን የጠየቅሁትን የማስረከቢያ ጊዜ ሁሉ ሰጠኝ። በየስብሰባው ካፖርት ቢሰጡኝ አልጠላም።

ችግሩ፣ ሲወጣ የጨበጠው የምክትሉን እጅ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሦስተኛ ዙር፣ መቶ ሰማንያ መሰላል። ምክትሉ ወጣ፣ ወረደ። እኔ ፈረምኩ። ተጫነ።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ዛሬ የሰማሁትን ሳልረሳ ልጻፍ።

የመጋዘን ኃላፊዋ ከኔ ሌላ ፋብሪካው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ናቸው። ሌላዋ ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ናት፣ እሷ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነች። ቁልፎቹን ሁሉ አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ሁሉም እትዬ ቁልፍ ይላቸዋል። ሰው ፊት "እርስዎ" ይሉኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ልጃቸው ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ላለቀ ቀለም መግዣ ሊያስፈርሙኝ መጡ። ፈርሜ ስጨርስ አልወጡም።

"ልጄ፣ ጠረጴዛው ለምን እንደማይነሳ ታውቂያለሽ?"

"ድምፄ ቀጭን ስለሆነ?"

"የምን ድምፅ። ወፍራሙ እኮ እንደ ድመት ነበር የሚያወራው።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አትወጪም። ለዚህ ነው።"

"ምን አልወጣም?"

"መሰላሉን ነዋ። እዚህ ሰው ሥራ አስኪያጅ የሚሆነው በደብዳቤ አይደለም። እነዚህ ሰዎች የሠሩትን ዕቃ ማን እንደቆመበት ነው የሚያዩት። ራሷ ያልቆመችበትን ለሰው ልጅ እንዴት ትልካለች ነው የሚሉት። ላንቺ የሚወጣልሽ እሱ ነው፤ ስለዚህ አለቃቸው እሱ ነው።"

"ምክትሉ እኮ ለኔ አዝኖ ነው።"

"አዝኖልሻል። ወንበሩንም ወስዶብሻል። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።"

ቀሚስ፣ ወንዶች፣ ምናምን ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ቁልፍ ሱሪዬን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ከቁልፎቻቸው አንዱን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። "ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ባዶ ነው" ብለው ወጡ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ሁለት መርገጫ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሦስት። ጫማው ያዳልጣል።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ሦስት። እትዬ ቁልፍ "ጫማሽን አውልቂው" አሉ። አወለቅሁ። አሁን ደግሞ ብረቱ ይቀዘቅዛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

አምስት። እሳቸው ከታች መሰላሉን ይዘው ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩልኛል፤ እኔ እስካሁን ሙሽራው ማን እንደሆነ አልሰማሁም። ሌላው ሰው የጎን ብረቱን ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ እያንዳንዱን መርገጫ በሁለት እጄ አንቄ ነው። የተለየ አያያዝ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

እሑድ፣ የካቲት 29

ተረኛዋ ደወለች። ዋናው ቢሮ ውስጥ "አልሆነላትም" የሚል ወሬ አለ ብላ እያለቀሰች ነገረችኝ። አለቃው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ ራሱ መጥቶ ይወስናል። አጽናናኋት። "መሰላል ላይ ነኝ፣ አታስቢ" አልኳት። ቀልድ መሰላት።

ሚጣ ጥርሷ ወለቀ። እኔ ሳላየው የወለቀ የመጀመሪያው ጥርስ። ባሌ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጦልኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ልብሴን ተኮስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሰባት። ወደ ታች አለማየት ነው ዘዴው። ወደ ላይም አለማየት። ወደ ጎንም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ሆነ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

የትልቁ ደንበኛ ዕቃ የመጀመሪያው መሰላል ወለሉ ላይ ቆመ፤ ባለ ሁለት እግሩ፣ በሁለቱም በኩል የሚወጣው ዓይነት ነው። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ምክትሉ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ "ዛሬ እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ከሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ምክትሉ "ግድ የለም እኮ" አለ። "ግድ አለ" አልኩት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳል ጀምሮ ተወው። አራት። አምስት ላይ ቆሜ በእጄ ስምንተኛውን አንቄ ስይዝ፣ መርገጫው እጄ ውስጥ ዞረ። በጣም ትንሽ፣ የበር እጀታ ሊከፈት ሲል እንደሚዞረው። የኔ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው ብዬ እንደገና ጨበጥኩት። ዞረ።

"አቁሙት። አይጫንም" አልኩ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ብየዳ ክፍል ያለው ግዙፉ ሰውዬ ወጥቶ ስምንተኛውን በሙሉ ኃይሉ ጠመዘዘው፤ ዞረ። ከዙሩ ሃያ መሰላል አወጣን። ሦስቱ እንደዚያው ነበሩ። መርገጫውን ከጎን ብረቱ ጋር የሚጨምቀው ማሽን ጥርሱ አልቋል።

ዞር ብዬ ምክትሉን አየሁት። ከተተኮሰው ሸሚዙ በላይ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም እሱም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ከአራት ሳምንት ገደማ በፊት የላክነውን መቶ ሰማንያ መሰላል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ምክትሉ ጠዋት ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋ።

"የባለፈው ዙር ላይ አንድ ነገር ተሰምቶኝ ነበር። ጫማዬ መሰለኝ። ቶሎ ስለምወጣ…" አለና አልጨረሰውም።

ያ ዙር ለሄደባቸው ሱቆች በሙሉ ደወልን። የተጎዳ ሰው የለም። ስድሳው ተሽጧል። ሁሉም ይመለስ ብያለሁ።

አለቃው በስልክ ጮኸ። ትልቁ ትእዛዝ ሁለት ሳምንት ዘገየ፣ ያለፈው ደግሞ ሊመለስ ነው። "ያንን ዙር ማን ነው ወጥቶ ያሳለፈው? በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ስሙን ጻፊልኝ" አለ።

ተረኛዋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለች፤ ያ ቢሮ ግድግዳው ጆሮ ነው። "እሱ ነው በያ። እውነት እኮ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ወንበሩን ታተርፊያለሽ።"

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ነው የከበደኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱ ላይ የሱ ስም አለ። ሦስቱንም ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ መውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በቀሚስ አሳብቤ ሌላ ሰው አወጣሁና ያልቆምኩበትን ፈረምኩ። ለምን እንዳልወጣሁ ይህ ደብተር ያውቃል፣ ወይም ሊያውቅ ይገባል።

አራተኛው እንዲህ ይላል፦ "ዙሩ የተላከው በእኔ ፊርማ ነው። ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ዕቃው እንዲመለስ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።"

የደብዳቤ ግልባጭ ሁልጊዜ ለምክትሉ ይደርሳል። ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ስህተት አለው።"

"የቱ ጋ?"

"ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"

"የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። "ማሽኑን ዛሬ እናስፈታዋለን" ብቻ ብሎ ወጣ።

ለባሌ ነገርኩት። "ያበጠው ይፈንዳ፣ ቢበዛ ወደኛ ነው የሚመልሱሽ" አለኝ። አንጀቴን አራሰው። ግን "ወደኛ ነው የሚመልሱሽ" ሲለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ለምን ቅር እንዳለኝ አልገባኝም። ቀን መቁጠር ከተውኩ ሰነባብቻለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ምክትሉ ራሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በየሱቁ ዞረ። መቶ ሰባ አንድ መሰላል ተመልሷል። ዘጠኙን ከገዢዎቹ ቤት ድረስ ሄዶ እያመጣ ነው። አንዲት ሴትዮ መሰላሉ ላይ አበባ ደርድራ ስለነበር አልሰጥም ብላው፣ በምትኩ የአበባ መደርደሪያ ገዝቶላት መጣ።

ብየዳ ክፍሎች ሳይታዘዙ ያመሻሉ። ቢሮዬ በር ላይ ዛሬ ሁለት ሰው ለፈቃድ ቆሞ ነበር። አንዱ የሚስቱን ሕመም ሲነግረኝ እኔ በደስታ ፈገግ እያልኩ አዳመጥኩት፤ ምስኪን፣ ምን አስቦኝ ይሆን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

አለቃው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። የተመለሰውና የታገደው ዕቃም ተጠግኖ ነገ ጠዋት ያልቃል። አራት ሰዓት ላይ ወጥቼ፣ ወርጄ፣ ፊቴን ታጥቤ እጠብቀዋለሁ። መጋዘን ውስጥ እስካሁን ዘጠኝ ደርሻለሁ። ነገ አሥራ ሁለቱንም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይድረስና እንገላገል።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ። እያንዳንዱን መርገጫ ጨብጬ፣ ጠምዝዤ፣ ረግጬ። አንዱም አልዞረም። አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ሁለተኛው። ጭብጨባ ሰማሁ። ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወደ ታች አየሁ።

ጉልበቴ ከዳኝ። መውደቅ አይደለም፤ እግሬ የኔ መሆኑ ቀረ። እጆቼ ብረቱን ይዘው አልለቅም አሉ። ውረድ እለዋለሁ ሰውነቴን፤ ማን ሰምቶኝ።

የዚያን ሰዓት በሩ ተከፈተና አለቃው ገባ፣ አምስት ሰዓት ቀድሞ፣ ከነቦርሳው። ሳይታሰቡ መድረስ ይወዳል፣ ረስቼው ነበር።

"ሥራ አስኪያጇ የት ናት?"

ሁሉም ሽቅብ አየ። እሱም አየ።

"እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሥራ" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ውረጂና ቢሮ እንነጋገር።"

እጆቼ አሁንም አልለቀቁም። ጊዜው ረዘመ። ይህን ሁሉ ሳምንት ተጉዤ እዚህ ላይ፣ በሰባ አራት ሰው ፊት፣ በአለቃው ፊት፣ ማልቀሴ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ምክትሉ ከታች ጉልበቶቼን ሲያይ አየሁት። ገባው። አንድ ቃል ቢናገር፣ ቢስቅ እንኳ፣ ወንበሩ የሱ ነበር።

ቀስ ብሎ መጣና አንድ እግሩን የመጀመሪያው መርገጫ ላይ አድርጎ የጎን ብረቱን ግጥም አድርጎ ያዘልኝ።

"አይወርዱም ጌታዬ" አለ። "እዚህ ፋብሪካ የተመለሰ ዕቃ እንደገና ሲወጣ፣ የመጨረሻው እስኪጫን ድረስ ሥራ አስኪያጇ ከላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። የድሮ ልማድ ነው።"

እንዲህ ያለ ልማድ በዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም። አንድም ሰው አልሳቀም።

"ከወፍራሙ ጊዜ ጀምሮ ነው" አለ ግዙፉ በያጅ፣ ጓንቱን እያየ።

"ከዚያም በፊት" አሉ እትዬ ቁልፍ።

አለቃው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። መጫን ተጀመረ። መሰላል ሲጭኑ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። እሱም አንገቱን ሽቅብ አቅንቶ ከታች ይጠይቀኛል፣ እኔም ፊት ለፊቴ ያለውን ግድግዳ እያየሁ እመልሳለሁ፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ መዘግየቱ።

"ያንን መቶ ሰማንያ ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

"እዚህ የቆመ ሰው ያውቃል" አልኩት።

ጥበብ አልነበረም። በዚያ ሰዓት የማውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር። አለቃው ግን ቦርሳውን ከመሬት አነሳ። ከዚያ፣ "ሁለት ዓመት ይበቃሻል?" አለኝ። ራሴን መነቅነቅ መሰላሉን መነቅነቅ ነው። "ይበቃኛል" አልኩ በአፌ። እሱ ደንበኛውን ሊያገኝ ከመኪናው ጋር ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ምክትሉ በሌላው በኩል ወጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲወጣ አየሁት።

"የትኛው ላይ ነው የሚብሰው?"

"ሁሉም ላይ።"

"እሺ። ቀኝ እግር።"

አንድ አንድ እያልን ወረድን። ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ሠራተኞቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ወለል ሲጠርጉ ነበር። የተጠረገውን ወለል እንደገና ሲጠርጉ።

ከዚያ ለተረኛዋ ደወልኩ፤ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። ለባሌ ደወልኩ። "ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንመጣለን፣ ከዚያ ደግሞ እንመካከራለን" አለ። ቀላል እንዳልሆነለት አውቃለሁ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍኩት፣ መቅረት ፈልጌ ነበር።

ሚጣ ስልኩን ነጠቀችው።

"እማዬ፣ ከላይ ምን ይታያል?"

"እንጃ፣ ግድግዳ ብቻ ነው ያየሁት።"

"ለምን?"

ጫማው፣ ሊፍቱ፣ ስልኩ፣ ቀሚሱ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰለፉ። ተውኳቸው።

"ከፍታ ስለምፈራ። ድሮም እፈራለሁ።"

"ታዲያ እየፈራሽ እንዴት ወጣሽ?"

"እየፈራሁ ነዋ" አልኳት።